«ባዶውስ ምን አለ?»

የእትዬ ሶፍያን ሞት የሰማሁት ኮምቦልቻ ውስጥ ፀጉሬን እየተቆረጥኩ ነው። የደወለልኝ የድሮ የሥራ ባልደረባችን ነበር። እትዬ ሶፍያ እንዳረፈችና ከዙህር ሶላት በኋላ ደሴ እንደምትቀበር ነገረኝ። ከወንበሩ ብድግ ስል ፀጉር አስተካካዩ ትከሻዬን ይዞ መልሶ አስቀመጠኝ። በግማሽ ፀጉር ለቀብር መሄድ ለሟችም ለቋሚም ነውር ነው ብሎ ሥራውን ቀጠለ። በመስታወቱ ራሴን እያየሁ እንባዬ ወረደ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። እሷ ብትኖር ኖሮ እንባው የሐዘን ነው ወይስ ዓይንህ የገባው ፀጉር ነው፣ እስቲ አጠገብህ የሚቆረጠውንም ሰው ዓይን እይ ትለኝ ነበር።

ላላወቋት ሰዎች ይህ ቀልድ አይገባም፤ ስለዚህ ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ሶፍያ በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ እኔ የምሠራበት ላቦራቶሪ ኃላፊ ነበረች። አጭርና ቀጭን ናት፤ ድምጿ ግን ኮሪደሩን ሁሉ ይሞላል። እስክሪብቶዋን ሻሿ ውስጥ ትሰካና ቀኑን ሙሉ ትፈልገዋለች። የደሴው ሰኞ ገበያ ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ሻጭ የሚያሞግሰውን ትቶ የማያነሳውን ማየት ከእሳቸው እንደተማረች ትናገር ነበር።

ሥራችን እንዲህ ነው። ከበሽተኛ ቁስል የተወሰደውን መግል፣ መዳፍ በምታህል፣ ክዳን ባላት የመስታወት ሳህን ውስጥ፣ በረጋ የጀርም ምግብ ላይ እንዘራለን። በላዩ መድኃኒት የጠጡ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጣለን፤ አንዷ ፔኒሲሊን፣ አንዷ ቴትራሳይክሊን፣ አንዷ ክሎራምፌኒኮል። ሳህኗ በማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ታድራለች። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ጠዋት በወረቀቷ ዙሪያ ጀርም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። የማይሠራ ከሆነ ጀርሙ ወረቀቷ ጠርዝ ድረስ መጥቶ ይበቅላል።

እትዬ ሶፍያ ግን ከእነዚህ ጋር አንዲት ትርፍ ወረቀት ሳታስቀምጥ ሳህን አትከድንም። ያቺ ወረቀት መድኃኒት የላትም፤ መድኃኒቱ የተበጠበጠበትን ውሃ ወይም አልኮል ብቻ ነው የጠጣችው። «ባዶው» ትለዋለች። ጠዋት ሳህን ስንከፍት እኛ ትልቁን ቀለበት እያየን ስንደነቅ፣ እሷ ከኋላ መጥታ «ባዶውስ ምን አለ?» ትላለች። በባዶው ዙሪያም ቀለበት ካለ ጀርሙን የገደለው መድኃኒቱ ሳይሆን መበጥበጫው ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሥራው ሁሉ ተደፍቶ እንደገና ይጀመራል።

ይህችን ጥያቄ ከላቦራቶሪ አውጥታ ደሴ ላይ ለቀቀቻት። ጎረቤቷ አንድ ሥር ባኝክ ራስ ምታቴ ተወኝ ስትላት፣ ሳታኝኪ የተወሽ ቀን የለም ወይ ትላታለች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አለቃዬ ይጠላኛል ብሎ ሲያማርር፣ ካንተ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የነበረውንስ ይወደው ነበር ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። ሰዉ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ቆይቶ ይስቃል፣ ሲሰነብት ራሱ መጠየቅ ይጀምራል።

ባሏን ሐሰንንም ያገኘችው በዚህችው ጥያቄ ነው። ሐሰን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ካየሁሽ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ ሲላት፣ ሳታየኝ በፊትስ ትተኛ ነበር ወይ አለችው። ሐሰን ራሱን አከከና፣ እውነት ለመናገር ያኔም እንቅልፍ አልነበረኝም፣ የአሰብ መንገድ ሙቀት አያስተኛም አላት። እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል ብላ አገባችው።

ላቦራቶሪያችን አንዲት በግም ነበረችው። አንዳንዱ ጀርም ቀበጥ ነው፤ ምግቡ ላይ ደም ካልተጨመረለት አይበቅልም። ስለዚህ ከበጓ አንገት አልፎ አልፎ በመርፌ ጥቂት ደም እንቀዳለን። አንገቷ ዘወትር ስለሚላጭና ስለሚታጠብ ሙሽሪት አልናት። ቀለቧ በበጀት ጥያቄው ላይ «የላቦራቶሪ ዕቃ» በሚለው ውስጥ ይገባ ነበር። ለፋሲካ ክርስቲያኖቹ፣ ለአረፋ ሙስሊሞቹ ሙሽሪትን በሌላ ዓይን ማየት እንጀምራለን፤ እትዬ ሶፍያ ማናችንንም ስለማታምን በሁለቱም በዓላት ዋዜማ ወደ ቤቷ ወስዳ ታሳድራት ነበር።

የማሞቂያ ሳጥኑ ሲበላሽ ደግሞ ኮምቦልቻ ነበረችልን። በደሴ ብርድ ጀርም እንኳ ጋቢ ያስፈልገዋል። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ስለነበር፣ እትዬ ሶፍያ ሳህኖቹን በካርቶን አሽጋ ታስታቅፈኛለች። ኮምቦልቻ አላህ የሠራት ማሞቂያ ሳጥን ናት እያለች አውቶቡስ ድረስ ትሸኘኛለች። ካርቶኑን ታቅፌ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አሳድሬው ጠዋት ይዤው እወጣለሁ። አንድ ቀን የቤት አከራዬ ካርቶኑን ከፍታ አየችና ይኼ ሰው ድግምተኛ ነው ብላ ልታስወጣኝ ተነሳች። እትዬ ሶፍያ ራሷ ኮምቦልቻ ወርዳ ስታስረዳት ዋለች። በር ድረስ ስትሸኛት አከራዬ ባዶው የትኛው እንደሆነ ስትጠይቃት ሰማሁ።

አንድ ነገር ብቻ አይሆንላትም፤ መዋሸት። ለመዋሸት ስትሞክር ከአንገቷ ጀምሮ እስከ ጆሮዋ ትቀላለች። አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ የተሰጠንን የፖለቲካ ጽሑፍ አንብበን እንደሆነ ተጠየቅን። ሁላችንም አንብበናል አልን። እሷ ግን ሽፋኑን ብቻ እንዳየችው፣ ቀለሙም ጥሩ እንደሆነ ተናገረች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መልስ ሰውን የት እንደሚያደርስ የምናውቅ ሁሉ አቀርቅረን ጫማችንን አየን። ደግነቱ ሰብሳቢው ሳቀና አለፈ።

አሁን ወደ ሸህ ሙሄ ልምጣ። ሸህ ሙሄ የቢስቲማ ገበሬ ናቸው፤ ከእርሻቸው ጎን ቁስል ያክማሉ። ከአባታቸው የወረሱት አንድ ቅጠል አላቸው፤ ስሙን ለማንም አይናገሩም። ለሚወርሰው ልጅ ካልሆነ በቀር የመድኃኒት ስም ከአፍ ከወጣ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ ኃይሉም ይሄዳል ይባላል። በእነሱ ዘንድ ይህ ከአባት የተቀበሉት ቃል ስለሆነ አይቀለድበትም።

በአንዱ ዓመት ከበላይ አንድ መመሪያ ወረደ። የባህል መድኃኒት የሚሰጥ ሁሉ መድኃኒቱን አምጥቶ ያስመርምር፣ የማይሠራ ሆኖ ከተገኘ እንዳያክም ይከልከል የሚል ነው። ጉዳዩን የያዘው ጓድ ካሳ የሚባል ወጣት ካድሬ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር። ካኪ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ለሁሉም ነገር ቀነ ገደብ ይሰጣል። የቢስቲማ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሸህ ሙሄን ጠርቶ ደሴ እንዲሄዱ አዘዛቸው። መከልከል ለእሳቸው የአንድ ሙያ መቅረት ብቻ አልነበረም። አባትህ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያታልሉ ኖሩ መባል ነው።

ከሴት ልጃቸው ከፋጡማ ጋር መጡ። ፋጡማ ያኔ ያገባች ወጣት ናት፤ ሙያውን የምትወርሰውም እሷ ነበረች። ሸህ ሙሄ ከኩታቸው ጫፍ ላይ የታሰረች ብልቃጥ ፈትተው በሁለት እጃቸው ለእትዬ ሶፍያ ሰጧት። ውስጧ ወፈር ያለ ቡናማ ፈሳሽ አለ። ስሙን ትጠይቀኛለች ብለው ሰግተው ነበር። እሷ ግን ስሙ የእርስዎ ነው፣ እኔ የምጠይቀው ጀርሙን ነው ስትላቸው ፊታቸው ፈታ አለ።

በማግስቱ ሳህኗን ስንከፍት የሸህ ሙሄ ወረቀት ዙሪያ የነበረው ቀለበት ከፔኒሲሊንም ከክሎራምፌኒኮልም የሰፋ ነበር። እኔ በበኩሌ እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ጓድ ካሳ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። የሰፊው ሕዝብ መድኃኒት የፈረንጅን መድኃኒት አሸነፈ እያለ ሳህኗን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጦ አየ። ለአብዮት በዓል በኤግዚቢሽን እንደሚያሳያት ነገረን። ለእትዬ ሶፍያ ደግሞ ምሥራቅ ጀርመን ለሚሰጠው የላቦራቶሪ ሥልጠና ስሟን ከሁሉ በላይ እንደሚያደርገው ቃል ገባላት። ያን ሥልጠና ለዓመታት ስትመኘው ነበር። ከመመኘቷ የተነሳ ከሐሰን ጋር ጠዋት ጠዋት በጀርመኖች ሰላምታ «ጉተን ታግ» ይባባሉ ነበር።

እሷ ግን በሳህኗ ላይ ባዶውን ትፈልግ ነበር። ፈሳሹ ተበጥብጦ ስለመጣ ባዶ አልነበረውም። በምን እንደተበጠበጠ ካልታወቀ ባዶውን ማዘጋጀት አይቻልም፤ በምን እንደተበጠበጠ መጠየቅ ደግሞ ወደ ስሙ የሚያደርስ መንገድ ነው። ትንሽ አሰበችና ሸህ ሙሄን ጠራቻቸው።

«ሸህ፣ ቅጠሉን አይንገሩኝ» አለቻቸው። «ቤትዎ ይመለሱና እንዳሁኑ አድርገው ይሥሩት። እዚህ ብልቃጥ ውስጥ የጨመሩትን ሁሉ ይጨምሩ፤ ቅጠሉን ብቻ ይተዉት። እሱን ያምጡልኝ።»

ሸህ ሙሄ ልጃቸውን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ ከዚያ ኢንሻአላህ ብለው ሄዱ። ጓድ ካሳ ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው ብሎ አጉረመረመ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሁለተኛዋን ብልቃጥ ይዘው ተመለሱ። ዘራን፣ አሳደርን፣ ከፈትን። ቅጠል የሌለበት ፈሳሽ ያወጣው ቀለበት ከፊተኛው ጋር እኩል ነበር። አጠገቡ ካለው ከቴትራሳይክሊን ቀለበት ጋር ሲታይ ደግሞ መንታ ይመስላሉ። እትዬ ሶፍያ ሁለቱን ቀለበቶች ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና ሸህ ሙሄን የራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። በሩን ዘጋሁ።

«ሸህ፣ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ጨምረውበታል ልበል?»

«ጨምሬያለሁ፤ አፉ በይኝ ልጄ» አሉ፤ ድምጻቸው ወረደ። «ኸዚሁ ኸሰኞ ገበያ ገዝቼ ሰብሬ ጨመርሁባት። ለሰው ስሰጥ እንዲያ አድርጌ አላውቅም፣ ወላሂ። የአባቴ ቅጠል ኸዘመኑ መድኃኒት ጋር ቆማ ብቻዋን እንዳትዋረድ ፈራሁ።»

«ታዲያ ሁለተኛው ላይ ለምን ጨመሩት? ቢተዉት እኮ አላውቅብዎትም ነበር።»

ሸህ ሙሄ ቀና ብለው በመገረም አዩዋት። «ኸቅጠሉ በቀር ሁሉንም ጨምረህ አምጣ አልሽኝ፤ አደራሽን እንዴት አጓድላለሁ?»

እትዬ ሶፍያ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣ እስክሪብቶዋ ከሻሿ እስኪወድቅ ድረስ ሳቀች። መጀመሪያ ፋጡማ ተከተለቻት፣ ከዚያ እኔ፣ በመጨረሻ ሸህ ሙሄ ራሳቸው። ከዚያ ቅጠሉን ብቻውን በንጹሕ ውሃ በጥብጠው፣ ውሃውንም ለብቻው ይዘው እንዲመጡ ነገረቻቸው። እኔ ግን ልቤ ፈርቶ ነበር። ቅጠሉ ብቻውን ምንም ባያደርግ ለእኒህ ሰው ምን ተብሎ ይነገራል?

ለሦስተኛ ጊዜ ሁለቱን ይዘው መጡ። ጠዋት ሳህኗን የከፈተችው እትዬ ሶፍያ ናት፤ እኔ በትከሻዋ ላይ አንገቴን አሰገግሁ። መጀመሪያ ያየችው እንደ ልማዷ ባዶውን ነው። በባዶው ዙሪያ ጀርሙ ጠርዝ ድረስ በቅሏል። ከዚያ ወደ ቅጠሉ ወረቀት ዞረች። ቀለበት አለ። በጣም ጠባብ ናት፣ በጥንቃቄ ካላዩዋት የማትታይ፣ ከፔኒሲሊኑ ቀለበት ጎን ልጅ የምትመስል። ግን ጥርት ያለች ናት።

ሸህ ሙሄ መነጽር ስላልነበራቸው ሳህኗን ዓይናቸው ድረስ አስጠጉ።

«የአባቴ ይቺን ታህል ናት?»

«ይቺን ታህላለች» አለች እትዬ ሶፍያ። «ግን የራሷ ናት፤ ከማንም አልተዋሰችም።»

ሸህ ሙሄ በመስታወቱ ላይ ቀለበቷን በጣታቸው ዞሯት። ጉንጫቸው ላይ እንባ አየሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ እሳቸውም ራሳቸው እርግጠኛ አልነበሩም ማለት ነው፤ ከአባታቸው የተቀበሉትን አምነው ነው የኖሩት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይናቸው አዩት።

እትዬ ሶፍያ ሙሽሪትን ሣር ስጣት ብላ ወደ ውጭ ላከችኝ። ሣሩን እየሰጠሁ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። ሸህ ሙሄ ወደ እትዬ ሶፍያ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ይናገራሉ። የሚታየኝ ጀርባዋ ነው፤ ሁለት ክርኖቿን አንስታ ሻሿን ታስተካክላለች። ፋጡማ አፏን ይዛ ትስቃለች። ስመለስ ሸህ ሙሄ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ እያደረጉላት ነበር። አሃ፣ ስሙን ነገሯት ብዬ በልቤ ደመደምኩ። ለባልደረቦቼም አወራሁ።

እትዬ ሶፍያ ያየችውን ጻፈች። ቅጠሉ ብቻውን ይሠራል፣ ኃይሉ ግን ትንሽ ነው፤ ለቀላል ቁስል ይጠቀሙበት፣ ትኩሳት ያለው ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይላክ አለች። ጓድ ካሳ አንብቦ ጨረሰና ይችን ቀለበት ለማን ነው የማሳየው አለ። የመጀመሪያዋን ሳህን እንድትሰጠው ጠየቃት። ሥራው ያለቀ ሳህን ሁሉ ጀርሙ እንዲሞት ስለሚቀቀል ሳህኗም መቀቀሏን ነገረችው። እንግዲያው የቅጠሉን ስም አምጪ፣ አዲስ አበባ ልከን ኃይሉን እናሳድገዋለን አላት። አላውቀውም አለችው። ወሬው ጆሮው ደርሶ ስለነበር አላመናትም። የሕዝብን ሀብት መደበቅ አሻጥር ነው እያለ ደጋግሞ ቢሮው አስጠራት። በሄደች ቁጥር ሐሰን በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ በሄደች ቁጥር አላውቀውም ብላ ትመለሳለች። በዚያ ጊዜ አሻጥር የምትለው ቃል ቀላል ቃል አልነበረችም፤ ስትመለስ እስክናያት ድረስ ሥራ አንሠራም ነበር።

ምሥራቅ ጀርመን የሄደው ሌላ ሰው ነው። እትዬ ሶፍያ ከሐሰን ጋር «ጉተን ታግ» መባባሉን ግን አልተወችም። ጓድ ካሳ ከጊዜ በኋላ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ። ሸህ ሙሄ ማከማቸውን ቀጠሉ። ከቢስቲማ ትኩሳት የያዛቸው ቁስለኞች ሳይዘገዩ ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ፤ ማን ላካችሁ ሲባሉ ሸህ ሙሄ ይላሉ።

እኛ በእትዬ ሶፍያ ኮራን። ዕድሜዋን ሙሉ ሳትዋሽ ኖራ ለአንድ ሽማግሌ ቃል ስትል ዋሸች እያልን በየግብዣው እናወራላት ነበር። ሁላችንም ጡረታ ከወጣን በኋላ እንኳ ባገኘኋት ቁጥር አሁንስ ንገሪኝ እላታለሁ። አላውቀውም አልኩህ እኮ አያሌው ትለኛለች። አንገቷ አይቀላም። ውሸት ለመደች ብለን እንስቃለን፤ እሷም አብራን ትስቃለች።

ከቀብሩ መልስ ድንኳኑ በር ላይ አንዲት አሮጊት በስሜ ጠሩኝ። ፋጡማ ናት። ከቢስቲማ ሰምታ መጥታ ነው። አባቷ ከሞቱ ቆይተዋል፤ አሁን ቁስል የምታክመው እሷ ናት። ስለ እትዬ ሶፍያ ስናወራ ቆየንና፣ የአባትሽን ምስጢር ይዛው ሄደች፣ ከአፏ አንድ ቃል ሳይወጣ አልኳት።

«የቱን ምስጢር?» አለችኝ።

«የቅጠሉን ስም ነዋ። ሲነግሯት በመስኮት አይቻቸዋለሁ።»

ፋጡማ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ማን ነገራት? አባቴ ደስ ብሎት ሊነግራት ጎንበስ ሲል፣ ሁለት ጣቷን በሁለት ጆሮዋ ከተተች። ነገ የጠየቁኝ እንደሆነ መዋሸት አልችልም፣ ሸህ አይንገሩኝ አለችው።»

ያ መስኮት ፊቴ ላይ ተደቀነ። ሻሿን አልነበረም የምታስተካክለው። ያን ሁሉ ዓመት አላውቀውም ስትለን አታውቀውም ነበር፤ አንገቷ ያልቀላውም ለዚያ ነው። ጀርመንን ያጣችው፣ ደጋግማ ጓድ ካሳ ቢሮ የተመላለሰችው እውነቷን ተናግራ ነው። እኛ ያሠለጠነችን ሰዎች፣ እሷ መዋሸት እንደማትችል ከማንም በላይ የምናውቀው፣ ምናልባት እውነቷን ይሆን ብለን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም። ባዶውን ማስቀመጥ ረስተን ነበር።

ፋጡማ ፊቴን አይታ ፈገግ አለች።

«አባቴም ሞቷል፣ እሷም ሄደች። አንተስ አያሌው፣ ልንገርህ እንዴ?»

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች በለቅሶ ቤት ምን ነካው ብለው ሳይገረሙ አልቀሩም። እኔ ግን ሁለት ክርኖቼን አነሳሁና ጆሮዬን ደፈንኩ።